ስለ ብስክሌት ካሜራ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለንደን ላይ በብስክሌት ሥራ ስትሄጂ አንድ ቫን ታክኮሽ አለፈ። ካሜራ ልግዛ ወይ፣ የሰው ፊት ብቀርጽስ አልከሰስም ወይ ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ከተማ ምግብ በብስክሌት ሳደርስ አራት ዓመቴ ነው። ካሜራ ሄልሜቴ ላይ ካሰርኩ ሦስት።

አዎ፣ ካሜራውን ግዢ። እንግሊዝ ውስጥ መንገድ ላይ መቅረጽ ክልክል አይደለም። ጀርመን ያለሽ ዘመድ ግን የአንቺን አይቶ እንዳይገዛ። እዚያ በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ ምክንያት ሙሉ ጉዞን መቅረጽ የግል መረጃ ሕግን ይጥሳል ብሏል።

ከጥር 2022 ጀምሮ የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ፣ በሰዓት እስከ 30 ማይል የሚነዳ ሾፌር ብስክሌተኛን ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ ይላል። ይህን መጣስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ፖሊስ የሚያየው እንደ ግዴለሽ አነዳድ ነው። ስልክ በእጁ ይዞ የሚነዳው ግን ክርክር የለውም፤ 200 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዱ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ።

ቪዲዮውን በፖሊስ ድረ ገጽ በኩል ትልኪያለሽ። ነገ ዛሬ አትበይ። ለግዴለሽ አነዳድ የክስ ማስጠንቀቂያው በ14 ቀን ውስጥ የመኪናው ባለቤት ጋ መድረስ አለበት፤ አንቺ ሳምንት ካስተኛሽው ለፖሊስ ጊዜ አይተርፈውም። ቪዲዮውን አትቁረጪ፣ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያለውም ይታያል። የእኔ የመጀመሪያው ላይ ስሳደብ ይሰማል። ደግነቱ በአማርኛ ነበር። ታርጋውን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ማታና በዝናብ ካሜራው አያነበውም፣ ድምፅሽ ግን ይቀረጻል። ሾፌሩ ከካደ ፍርድ ቤት ምስክር ሆነሽ ልትጠሪ እንደምትችዪም እወቂ።

አሁን ወደ ፊት ጉዳይ። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ማታ አንድ ሚኒካብ (አስቀድሞ የሚጠራ ታክሲ) ሊገጨኝ ለጥቂት ሳተኝ። ቀይ መብራት ላይ ደርሼበት ሾፌሩን በመስኮቱ በኩል ቀረጽኩት። ንዴቴ ሳይበርድ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሳ አስተያየት መስጫው ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሚስቱን ሥራ ሳይቀር አውጥቶታል። ሰውዬው የእኛው አበሻ ነበር። ከኋላ ወንበር የሰባት ዓመት ልጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ቁጭ ብላለች። እኔ እንኳ አላየኋትም፤ ሕዝቡ አየ።

አጠፋሁት። ግን ሰው አውርዶት ስለነበር በየግሩፑ ሲዞር ከረመ። ለፖሊስም መላኩን ተውኩት፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሳያልቅ እንዳይለጠፍ ነው ፖሊስ የሚመክረው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኘን። «ጥፋቴን አውቃለሁ፣ ቅጣቱን እከፍል ነበር። ልጄን ምን አድርጋህ ነው?» አለኝ። ይቅርታ አልኩት። እጄን ጨበጠኝ፣ ግን ዓይኔን አላየም።

ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ለፖሊስ ይሄዳል፣ ወይ ይጠፋል። መንገደኛ ሁሉ የሚታይበትን የቀኑን ቅጂ ማታ ቤት ስገባ እሰርዘዋለሁ። ስትገዪ ውድ ስለሆነ ብቻ አትመኚው። ዝናብ የሚችልና ፈረቃሽን ሙሉ የሚቆይ ባትሪ ያለው ይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይሞት ነበር፣ ያ ሚኒካብ የተያዘውም በመጨረሻዋ ባትሪ ነው።