«አፔ ላይ ኤአይ ላስገባ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። የሶፋና የመጋረጃ ሱቅ እንዳለሽ፣ ደንበኞች የሚያዙበት አፕ እንዳሠራሽ ጽፈሻል። አሁን ደግሞ አፑን የሠራልሽ ልጅ «ኤአይ ካላስገባሽበት ገበያው ጥሎሽ ይሄዳል» ብሎ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለደንበኛ መልእክት በራሱ የሚመልስ ቦት የሚባል ፕሮግራም ሊጨምርልሽ ነው። የጠየቀሽ ገንዘብም ቀላል አይደለም። «ያዋጣኛል ወይስ ብሬን ውሃ ይበላዋል?» ነው ያልሽው።

እኔ በዚህ መንገድ አልፌበታለሁ። ከወንድሜ ጋር አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። አፓችን በ2015 ተሠራ፤ ቦቱ የገባው በ2016 ነው። የምጽፍልሽ የደረሰብኝን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ቦቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የቆየ ደንበኛችን፣ መካኒክ ነው፣ «የቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ ነገ 3 ሰዓት አድርሱልኝ» ብሎ ጻፈ። ቦቱ በትሕትና «እሺ፣ ነገ 3 ሰዓት ይደርስዎታል» አለው። ትእዛዙ ወደ ሞተረኛው ዝርዝር ሲገባ ግን 3 ሰዓቱ የፈረንጅ ሆነ። በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ሰውየው በጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ፈቶ፣ ባለመኪናዋን ወንበር ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። 4 ሰዓት ላይ በአፑ ጠየቀ። ቦቱ «ትእዛዝዎ በሰዓቱ ይደርሳል» አለው። 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ጠየቀ፣ ያንኑ መለሰለት። 6 ሰዓት ሲሆን እጁ ግሪስ እንደሆነ ራሱ ሱቅ መጣ። አልጮኸም። «በስልክ ስነግራችሁ አንድ ቀን ሰዓት ስታችሁ አታውቁም» ብቻ አለን። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ዕቃ ከዱባይ ነው የሚመጣው። ወንድሜ አዲሱን ዋጋ በየጠዋቱ ደብተር ላይ ይጽፋል። አፑ ላይ የቀየረው ሰው ግን አልነበረም። ቦቱም የድሮውን ዋጋ በልበ ሙሉነት ለደንበኛ ሲሰጥ ከረመ። ሰዎች በዚያ ዋጋ አዘዙ። ቃላችንን አናጥፍም ብለን ሸጥንላቸው፤ ከሰርን። ቁጭ ብለን ስናስበው ግን ቦቱ የነገርነውን ነው የተናገረው። የተበላሸው መዝገባችን ነበር። ድሮ መዝገቡ ሲበላሽ ወንድሜ በጭንቅላቱ ያስተካክለው ነበር፤ ቦቱ ግን የወንድሜ ጭንቅላት የለውም።

ስለዚህ እህቴ፣ መልሴ ባጭሩ ይሄ ነው። ኤአይ የሚያውቀው መዝገብሽ የሚያውቀውን ያህል ነው። ስንት ሜትር ጨርቅ እንዳለሽ፣ የትኛው ሶፋ እንዳለቀ፣ ዛሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ አፑ ላይ በትክክል ከሌለ፣ ቦት ማስገባት ስሕተትሽን ለብዙ ሰው በፍጥነት ማዳረስ ነው የሚሆነው።

«ቦቱ ነው ያለው» ብሎ ማምለጥም አይቻልም። የኤር ካናዳን ጉዳይ ሰምተሽ ይሆናል። አንድ ሰው ሴት አያቱ አርፈው ትኬት ሊቆርጥ ሲል የአየር መንገዱን ቦት ጠየቀ። ቦቱ ለሐዘንተኛ የሚደረገውን ቅናሽ ከተጓዘ በኋላም መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የድርጅቱ ደንብ ግን እንዲህ አይልም ነበር። ሰውየው ሲከስ አየር መንገዱ ቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ ሊከራከር ሞከረ። ጉዳዩን ያየው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ችሎት አልተቀበለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ወደ 812 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ለትልቅ አየር መንገድ 812 ዶላር ምንም አይደለም። ለአንቺና ለእኔ ግን አንድ የተሳሳተ ቃል የአንድ ሳምንት ትርፍ ነው።

ቦቱን አንድ ወር ዘጋነው። በዚያ ወር የሠራነውን ሥራ ነው ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው።

የእኛ ሰፈር ቋንቋ ሌላ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ እንላለን። ከጣሊያን የወረስናቸው ናቸው። የዕቃው ዝርዝር ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ቦቱ በመሐል ግራ ተጋባ። «ካንዴላ አላችሁ?» ላለ ደንበኛ «ሻማ አንሸጥም» ብሎ መልሷል፤ ለእኛ ካንዴላ ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ ቃሉ ግን በጣሊያንኛ ሻማም ነውና። ግማሹ ደንበኛ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው አሉ። እሳቸውን ከአፕ ሠሪው ልጅ ጋር አስቀመጥናቸው። አንድ ዕቃ ስንት ስም እንዳለው፣ ሹፌሩ ምን እንደሚለው፣ መካኒኩ ምን እንደሚለው፣ እየነገሩት ልጁ ጻፈ። አንድ ደብተር ሞላ። የአፓችን እውነተኛ እውቀት ያ ደብተር ነው። ሌላ ማንም ድርጅት አይሸጥልሽም።

ፊደሉም አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «የፀሐይ መከላከያ» የሚለውን ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል። ፍለጋው አንድ አድርጎ ካላያቸው፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ «የለም» ይላል። አንቺም ፀሐይ የማያሳልፍ መጋረጃ ትሸጫለሽ፤ ዛሬውኑ አፕሽ ላይ «ጸሀይ» ብለሽ ፈልጊና እዪው። ይህን ለማስተካከል ኤአይም አያስፈልግም፤ ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

በጣም የጠቀመን ነገር ደግሞ ማንም «ኤአይ» ብሎ ያላስተዋወቀልን ነው። ፎቶ! ደንበኛ የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ ያነሳል፤ አፑ ዕቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ከመዝገባችን ጋር ያመሳክራል። ቁጥርና ላቲን ፊደል የሚያነብ የጉግል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ኤምኤል ኪት ይባላል። እዚያው ስልኩ ላይ ነው የሚሠራው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም አይቆምም፣ በየጥያቄው የሚቆረጥ ክፍያም የለውም። የግዕዝ ፊደል ግን ከሚያነባቸው ውስጥ የለም፤ ለእኛ ዕቃ ስለማያስፈልግ አልተቸገርንም። ደንበኛ ስሙን የማያውቀውን ዕቃ መጠየቅ ቻለ። ተሳስተን የምንልከውና ተመልሶ የሚመጣው ዕቃ በጣም ቀነሰ። ለአንቺ ደግሞ ደንበኛ የሳሎኗን ፎቶ ልካ ከሶፋዋ ጨርቅ ጋር የሚቀራረብ መጋረጃ የምታገኝበት ነገር ቢሆን ከቦቱ ይሻልሻል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ክፍያ ልጁን በደንብ ጠይቂው። ቦቱን የሚያንቀሳቅሱት ሞዴሎች፣ ማለትም ጽሑፍ አንብበው መልስ የሚጽፉት የኤአይ ፕሮግራሞች፣ ክፍያቸው በብዛት በዶላር ነው፤ በተጠቀምሽ ቁጥር ይቆጥራል። ጽሑፉን እየቆራረጡ ነው የሚያነቡት፣ ሒሳቡም በቁራጭ ብዛት ነው። ባይት የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲሆን አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሞዴሎቹ አብዝተው የተማሩትም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛው የበለጠ ይቆራረጣል። ያው አንድ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ያስከፍላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ምሳሌ እያሳየ የወር ወጪ ቢያሰላልሽ እንዳትቀበይ። በራስሽ ደንበኞች መልእክት ይሞክርልሽ።

ሌላው የደንበኞችሽ መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስም፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ ወደ ውጭ አገር ሞዴል ሲሄድ ዝም ብለሽ ማየት የለብሽም። እኛ መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት ስልክና የታርጋ ቁጥር እንዲቆረጥ አድርገናል። አንቺ ዘንድ መጋረጃ ለመለካት የሰው ቤት ትገባላችሁ፤ አድራሻው ከእኛ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«ሠራተኛ ልቀንስበት እችላለሁ?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ አንድም ሰው አልቀነስኩም፣ አልመክርሽምም። የስዊድኑ የክፍያ ድርጅት ክላርና እ.ኤ.አ. በ2024 ቦቱ በመጀመሪያ ወሩ 2.3 ሚሊዮን ውይይት እንዳስተናገደና የ700 ሠራተኛ ያህል እንደሠራ ተናግሮ ነበር። በዓመቱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጥራቱ መውረዱን አመነ፤ ድርጅቱም ደንበኛ የሚያነጋግር ሰው ወደ መቅጠር ተመለሰ። ዛሬ የእኛ ቦት ዕቃው መኖሩንና ዋጋውን ብቻ ይናገራል። ዋጋውን ከመዝገብ ያነባል፤ ከራሱ አይፈጥርም። ሰዓት ሲጻፍለት «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። ድርድርና ቅሬታ ሲመጣ ወዲያው ለሰው ያስተላልፋል። ያ መካኒክም ተመልሶልናል፣ ግን አሁንም በስልክ ነው የሚያዘው። መብቱ ነው።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ይሄን አድርጊ። ያለፈውን አንድ ወር የደንበኛ መልእክት፣ ቴሌግራሙንም ጨምረሽ፣ በወረቀት ላይ በየዓይነቱ ለዪው። ዋጋ የጠየቀ ስንት ነው? «አለ ወይ?» ያለስ? ልኬት የጠየቀ? የተቆጣ? አብዛኛው «ዋጋው ስንት ነው?» ከሆነ ቦት አያስፈልግሽም፤ ዋጋውን ፎቶው ላይ ጻፊው። አብዛኛው «ከዚህ ጋር የሚሄድ ቀለም አላችሁ?» ከሆነ ግን የፎቶውን ነገር ከልጁ ጋር ቁጭ ብለሽ አውሪ። ወረቀቱን ስትጨርሺ ይዘሽው ሱቅ ብቅ በይ። ደብተሩን አሳይሻለሁ፣ ደብተሩን ካስሞሉት የዕቃ ቤታችን ሰውም ጋር አስተዋውቅሻለሁ።