ታማሚው ልጄ፣ ተጠያቂዋ እኔ

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለበት። በክትትል ቀጠሮው ዕለት ለእኔና ለባለቤቴ 26 ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራት ቅጽ ተሰጠን። ስለ እንቅልፌና ስለ ገንዘቤ ይጠይቃል እንጂ ስለ ልጄ አንድም ቃል የለውም። ቤት ገብተን ስንደምረው የባለቤቴ በለጠ። ትክክሉ የማን ነው? የእናት አንጀትስ በቁጥር ይለካል?

መልስ፦ አንጀትዎን የለካው የለም፤ የተጠየቁት ያለፉት ሁለት ሳምንታት ለራስዎ እንዴት እንዳለፉ ነው። ድርጅቱ የኑሮ ጥራት የሚለው፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ፣ ከግቡ፣ ከተስፋውና ከስጋቱ አንጻር የራሱን ሕይወት የሚያይበትን ዓይን ስለሆነ የሁለታችሁም መልስ ትክክል ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥታ የልጇን ጣት ወግታ መሣሪያው ቁጥር እስኪያሳይ የምትጠብቅ እናትና ጠዋት «ስንት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አባት ስለ እንቅልፍ አንድ ዓይነት መልስ ቢሰጡ ነበር የሚያስገርመው።

ድምሩን ግን ይተዉት። ስለ ሕመም ስሜት፣ ስለ ሕክምና ጥገኝነትና ስለ መጥፎ ስሜት የሚጠይቁት ሦስቱ ጥያቄዎች ነጥባቸው ተገልብጦ (5 የተመረጠው እንደ 1) ነው የሚቆጠረው፤ ከዚያም ውጤቱ በአካላዊ ጤና፣ በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በአካባቢ ተከፍሎ ለየብቻው ይነበባል እንጂ አንድ ጥቅል ቁጥር አይወጣለትም።

ስለ ልጅዎ አልጠየቀም ማለትዎ ተገቢ ነው፤ ቅጹ ለማንኛውም አዋቂ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለእንደ እርስዎ ዓይነት ወላጅ የሚቀርበው ፔድስኪውኤል ከሚባሉት የሕፃናት የኑሮ ጥራት መለኪያዎች አንዱ የሆነው የቤተሰብ ጫና መጠይቅ ሲሆን፣ በ36 ጥያቄዎቹ ስለ ልጁ የወደፊት ሁኔታ ያለውን ስጋት፣ ከሐኪሞች ጋር መነጋገርን፣ የዕለት ሥራንና የቤተሰብን ግንኙነት ይዳስሳል። 22 ጥያቄዎች ያሉት የዛሪት የተንከባካቢ ጫና መለኪያም አለ፤ ነገር ግን መነሻው የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን የሚንከባከቡ ሰዎች ስለነበሩ እኔ ለወላጆች አላስቀድመውም።

የትኛውንም ቅጽ ሲሞሉ ልጁ አጠገብዎ አይሁን። ወላጅ ድካሙን መናገር ልጁን መክሰስ ስለሚመስለው፣ «በጣም» የሚለውን «ትንሽ» አድርጎ ያልፈዋል። የኑሮ ጥራት ቅጹን ከዓመት በኋላ ሲሞሉት ደግሞ ሕመሙ ሳይቀንስ ነጥብዎ ተሻሽሎ ከፍ ሊል ይችላል፤ ሰው ከችግሩ ጋር ሲኖር «ደህና ነኝ» የሚልበት ሚዛን ራሱ ይለወጣልና።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አራቱን ነጥቦች ለየብቻ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። እስከዚያው በእንቅልፍ ጥያቄ ላይ ሁለታችሁ የመረጣችሁትን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡና የሌሊቱን ተራ ማን በየትኞቹ ቀናት እንደሚይዝ ተነጋገሩበት።