ናሚቢያ ለአደን ስትሄዱ ምን ትይዛላችሁ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከአሜሪካ ወደ ናሚቢያ ለአደን ልትሄዱ ያሰባችሁ ሰዎች ሰሞኑን ብዙ ጥያቄ ልካችኋል፣ አብዛኛው ስለ ጠመንጃ ነው። እኔ ግን ብራችሁን ጫማና የተኩስ ልምምድ ላይ ብታወጡት ነው የምመርጠው።

«ያለኝ ጠመንጃ ካሊበሩ 30-06 ነው፣ እሱን ልውሰድ ወይስ እዛው ልከራይ?»

ወንድሜ 30-06 ለአጋዘንም ለሳላም በደንብ ይበቃል፣ ጥሩ 180 ግሬን (ግሬን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት ያዝ እንጂ ሌላ ጠመንጃ እንዳትገዛ። ከወሰድከው ግን ወረቀቱን ቀድመህ ጨርስ። ከመብረርህ በፊት ጠመንጃውን ባዶውን ከነሳጥኑ የአሜሪካ ጉምሩክ ቢሮ ወስደህ ፎርም 4457 (ጠመንጃው ከአገር ሳትወጣ በፊት ያንተ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት) አስፈርም፣ የጠመንጃውን መለያ ቁጥርም እዛው ቆመህ ከብረቱ ላይ እያነበብክ ከወረቀቱ ጋር አመሳክር፣ ምክንያቱም ዜሮና ኦ ተምታቶ ከተጻፈ ዊንድሆክ ኤርፖርት ላይ ፖሊስ ፊት ቆመህ ልታስረዳ ነው። ሳጥኑ ጠንካራና የሚቆለፍ ይሁን፣ ቁልፉ አንተ ጋ ይቆይ፣ ጥይቱ በካርቶኑ ይሁን፣ አብዛኛው አየር መንገድ ደግሞ ከ5 ኪሎ በላይ ጥይት አይቀበልም፣ ስለዚህ ቀድመህ ደውልላቸው። ሽጉጥ ወደ ናሚቢያ አይገባም። ይሄ ሁሉ ከከበደህ ተከራይ፣ ምንም ነውር የለውም፣ ብቻ አደን ከመውጣትህ በፊት ኢላማ ላይ ሞክረው።

«በአዲስ አበባ ነው የማልፈው፣ ወርጄ ቤተሰብ ልጠይቅ ብልስ ጠመንጃው?»

እህቴ ተከራዪ! ከኤርፖርት መሳሪያ ይዘሽ ከወጣሽ ኢትዮጵያ ውስጥ መሳሪያ እያስገባሽ ነው፣ ያለ ፈቃድ ደግሞ በአዋጅ 1177/2012 ወንጀል ነው። እጅሽን ባዶ አድርገሽ ሂጂና እናትሽ ጋ ቡናሽን በሰላም ጠጪ።

«የምሄደው በጁላይ ነው፣ ቁምጣ ይበቃኛል?»

ጋሼ፣ ጁላይ እዛ የብርድ ወቅት ነው፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ጠዋት ክፍት ፒክአፕ ላይ ቆመው ሲሄዱ ንፋሱ ጣት ያደነዝዛል። ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ወፍራም ጃኬት ይያዙ፣ ቀን ላይ እያወለቁ ነው የሚሄዱት። ሱሪው ረጅም ይሁን፣ እሾሁ አይጣል ነው። ካምፖቹ ልብስ ስለሚያጥቡ ሶስት ቅያሪ ይበቃዎታል። ቪክቶሪያ ፏፏቴን ለማየት ወደ ዚምባብዌ የሚሻገሩ ከሆነ ደግሞ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ እንዳይዙ፣ ለሲቪል ክልክል ነው።

«አዲስ ጫማ ገዛሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ላድርገው?»

በፍጹም። ዛሬውኑ አድርገውና እስክትሄድ ድረስ ተራመድበት፣ የበረራው ቀንም እግርህ ላይ ይሁን። ሻንጣ ቢጠፋ ጠመንጃም ጃኬትም ትዋሳለህ፣ ለእግርህ የለመደ ጫማ ግን ከማንም አትዋስም። መድሃኒትና ባይኖኩላርም በእጅ ሻንጣ ይሁኑ።

«ከጉዞው በፊት እንዴት ልለማመድ?»

ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መተኮሱ ይቅርብህ፣ እዛ ቆመህ ከባለ ሶስት እግር መደገፊያ ላይ ነው የምትተኩሰው፣ ስለዚህ አንዱን ገዝተህ ከ100 እስከ 200 ሜትር ደጋግመህ ሞክር። የናሚቢያ እንስሳት ልብ አሜሪካ ውስጥ ዲር (የአሜሪካውን አጋዘን) ስታድን ከለመድከው ቦታ ዝቅና ወደ ፊት ያለ ነው፣ የፊት እግሩን ተከትለህ ወደ ላይ ውጣና የደረቱ አንድ ሶስተኛ ላይ አነጣጥር። ቆስሎ የጠፋ እንስሳ ብዙ ቦታ ሙሉ ሂሳብ ያስከፍልሃል፣ እኔን የሚያመኝ ግን ሂሳቡ ሳይሆን ጫካ ውስጥ የሚሰቃየው እንስሳ ነው፣ እርግጠኛ ካልሆንክ አትተኩስ። ከተኮስክ ደግሞ ወዲያው ሌላ ጥይት አጉርስና መሪው በቃ እስኪልህ ድረስ ዓይንህን ከእንስሳው እንዳትነቅል።