ግራይንደሩን ከማንሳትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። መልእክትህን ሁለቴ አነበብኩት። በኮንስትራክሽን ተመርቀህ ወራት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ቆይተህ፣ አሁን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ጠርቶሃል። የመጀመሪያው ሥራህ ግራጫውን የሲሚንቶ ጣሪያ በግራይንደር እየቆረጡ ማውረድ ነው። ጓደኛህ «አስቤስቶስ ነው፣ ካንሰር ያመጣል» ስላለህ ልግባ ወይስ ልተው ብለሃል።

ጓደኛህ እውነቱን ነው። ከእነዚህ የድሮ ክዳኖች፣ ኢተርኒት ከምንላቸው፣ ብዙዎቹ አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን አለባቸው። በዓይን አይለይም፣ ቁርጡን የሚነግርህ ላቦራቶሪ ነው። እስከዚያው አለበት ብለህ ሥራ። ደህና ሆኖ ከተቀመጠ ብዙም አያሰጋም፤ ጉዱ የሚፈላው ሲቆረጥና ሲሰበር ነው፣ ምክንያቱም ዓይን የማያየው ቀጭን ክር ከአቧራው ጋር ሳንባ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፣ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ኮንትራክተሩን የት ታገኘዋለህ? ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከሳይት በቀጥታ ቢሮዬ መጣ። ቅንድቡ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጃኬቱን ማን ያጥብልሃል ስለው «እናቴ» አለኝ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ እሷም ያንን አቧራ ትተነፍሳለች።

ሥራውን ተው አልልህም። አሠራሩን ግን ተደራደር። ፎርማኑን «ሳንቆርጥ በሙሉ እንፍታው» በለው። ክዳኑ በውሃ ይርሳል፣ ብሎኑ በመፍቻ ይፈታል፣ ሳይወረወር በእጅ ወርዶ በወፍራም ላስቲክ ይጠቀለላል። ክዳኑ ላይ እንዳትቆም፣ ያረጀ ስለሆነ ተሰብሮ ይዞህ ይወርዳል፤ መወጣጫ ጠይቅ። ሻሽም ሆነ ሰማያዊዋ የሐኪም ማስክ ይሄን ክር አያቆሙም። ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚል ማስክ ነው የሚያስፈልግህ፣ ጺምህን ካልተላጨህ እሱም ፊትህ ላይ አይገጥምም። ወለሉን በደረቁ አትጥረግ። የሥራ ልብስህን እዚያው አውልቅ።

ይሄን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። አደጋው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ አንቀጽ 32 ያለማስጠንቀቂያ ሥራ እንድትለቅ ይፈቅድልሃል።

«ሻሽ አስረህ ውጣ» ካለህ ግን አትውጣ። በዚያው ቀን ጻፍልኝ፣ ሌላ ሳይት አብረን እንፈልጋለን።