የሙሽራዋ ፊት ለምን ጨለመ? ስለ ፍላሽ የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ሙሽሮቹ ነጭ በነጭ ሲለብሱ ፊታቸው ጨልሞ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው እንግዳማ ጭራሽ አይታይም። ፍላሼ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፍላሽዎ ደህና ነው። አውቶማቲክ ላይ ሲያደርጉት ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ቬሎና የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞሉት ብርሃን የበዛ መስሎት ፍላሹን ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ፊት ላይ ይወጣል። የፍላሹን የብርሃን መጠን ማስተካከያ ወደ +1 ያድርጉት። አንድ አንስተው ስክሪኑ ላይ አጉልተው ይዩት፤ የቀሚሱ ጥልፍ ከጠፋ ወደ +0.7 ይመለሱ።

እንግዳው የጨለመው ግን በርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የፍላሽ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሙሽሮቹ 2 ሜትር ላይ ከቆሙ፣ 4 ሜትር ላይ ያለው ሰው የሚደርሰው ሩቡ፣ 8 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ፍላሹን ማበርታት ፊትን ያነጣል እንጂ ኋላውን አያበራም። ይልቅ የአዳራሹን መብራት ያስገቡት፦ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/200 ወደ 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4። እስክስታ ሲጀመር 1/60 ላይ ትከሻው ትንሽ ይደበዝዛል፤ እኛ እንዲያውም እንወደዋለን።

ላብና ቅባት ያለበት ፊት እንዳያብረቀርቅ የፍላሹን ጭንቅላት ወደ ጣሪያ ያዙሩት። ይህ የሚሠራው ጣሪያው ነጭና ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ነው። ድንኳን ውስጥ ከሆኑ አይሞክሩት፤ ሸራው ቢጫ ከሆነ ሰው ሁሉ ቢጫ፣ ሰማያዊ ከሆነ ሰው ሁሉ በሽተኛ መስሎ ይወጣል። እዚያ ፍላሹን ከካሜራው ነቅለው፣ ነጭ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሽፋን) አልብሰው፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ወደ ጎን ያስይዙት። ባትሪውም የሚሞላ ይሁን። ተራው ድንጋይ በሁለት ፎቶ መካከል ብዙ ያስጠብቃል፤ ቀለበቱ ሲጠለቅ ደግሞ ማን ይጠብቅዎታል?

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጃችንን በስልክ ፍላሽ ስናነሳት አንደኛው ዓይኗ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስልኩን እንቀይረው? (ከደሴ)

መልስ፦ ስልኩን ተዉትና ልጅቷን በዚህ ሳምንት ለዓይን ሐኪም አሳዩ። የሚያስጨንቀው ቀዩ አይደለም። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ በብሌኗ ገብቶ፣ ከዓይኗ ጀርባ ያለውን ደም የበዛበት ሽፋን ነክቶ ይመለሳል፤ ቀይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ነጭ ሆኖ ሲመለስ ግን አንድ ነገር መንገዱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ ሕፃናትንም ይይዛል። ከዚያ የሚከፋው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የዓይን ካንሰር ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚታየው ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሕይወት ይተርፋል፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑም ይተርፋል።

ነጭ ሆኖ የታየ ዓይን ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ልጅ ወደ ጎን፣ 15 ዲግሪ ያህል ስትመለከት ብርሃኑ የዓይን ነርቭ መግቢያ ላይ ያርፍና ጤነኛውም ዓይን ሊነጣ ይችላል። በፎቶ ብቻ ግን መለየት አይቻልምና እንደገና እያነሳችሁ ቀናት አታባክኑ። ነጭ የታየባቸውን ፎቶዎች፣ የቆዩትንም ጭምር፣ ሳታስተካክሉ በስልኩ እንዳሉ ለሐኪሙ አሳዩ፤ የቱ ዓይን እንደሆነና መቼ እንደጀመረ ይረዳበታል። ሐኪሙ ብሌኗን በጠብታ አስፍቶ ነው የሚያየው፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ያስቸግራታል፤ ባርኔጣ ያዙላት። እናንተ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው።

ጥያቄ፦ ስታዲየም ገብቼ ማታ ማታ ጨዋታ በስልክ ሳነሳ ሜዳው ለምን ይጨልማል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የስልክ ፍላሽ ከ2 እና ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሜዳው ጋ አይደርስም፤ የሚያበራው ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት ነው፤ ስልኩም ለዚያ ጭንቅላት ብሎ ብርሃኑን ይለካና ሜዳውን ያጨልመዋል። ፍላሹን ያጥፉ፣ ስክሪኑ ላይ ሜዳውን ነክተው ይያዙት፣ ከዚያ ያንሱ።