የአባቴ ቮልስ ሞተር ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ቮልስ አለኝ፣ በፈረንጆች የ1964 ነው፣ አሁን ሰማያዊ ጭስ ያወጣል ዘይት ይጠጣል ዳገትም እያቃተው ነው። ሊብሬው የሞተሩ መጠን 1200 ሲሲ ይላል፣ ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን ኤች በሚል ፊደል ነው የሚጀምረው። አንድ ሰው 1600 ሞተር ልሽጥልሽ ዝም ብሎ ይገባል ብሎኛል። እውነት ይገባል? የኔስ ሞተር ምንድነው?

መልስ፦ እህቴ አባትሽን ነፍስ ይማር። እባክሽ ለሰውየው ገና ምንም እንዳትከፍዪ። ቁጥሩን ያየሽው ጀነሬተሩ ከቆመበት እግር ስር ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ ነው ያየሽው። በ1964 ከፋብሪካ የወጣ 1200 ሞተር ፊደል አልነበረውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ፊደሉ የመጣው ከ1965 አጋማሽ ወዲህ ነው፣ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ 1300፣ ኤች 1500፣ ኤዲ ደሞ 1600 ነው። ስለዚ ያንቺ መኪና ሞተሩ ድሮ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ምናልባት አባትሽ ራሳቸው ናቸው ያስቀየሩት፣ ሊብሬው ላይ ግን አልተስተካከለም፣ እሱን አስተካክይው።

ግን ምን መሰለሽ፣ ቁጥሩ የሚነግርሽ ስለ ብሎኩ ነው እንጂ ሆዱ ውስጥ ስላለው አይደለም። የ1500 ሲሊንደር ውስጡ 83 ሚሊሜትር ነው የ1600 ደሞ 85.5፣ የፒስተኑ ምልልስ የሁለቱም 69 ነው፣ የ1600ው ሲሊንደር 1500 ብሎክ ላይ ምንም ሳይፈለፈል ይቀመጣል፣ ስለዚ አንዱ መካኒክ ቀይሮት ቁጥሩ ኤች እያለ ሞተሩ 1600 ሊሆን ይችላል። ይሄ የሚታወቀው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ወርዶ በካሊፐር ሲለካ ብቻ ነው። እና ብሎክሽ ጤነኛ ከሆነ ሌላ ሞተር ለምን ትገዣለሽ፣ ፒስተንና ሲሊንደር ቀይረሽ ቴስታታውን አሳድሰሽ ያው 1600 አገኘሽ እኮ!

ብሎኩ ጤነኛ መሆኑን ዛሬውኑ ማየት ትችያለሽ። ሞተሩን አጥፊና ከኋላ ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን መዘውር በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወዳንቺ ሳቢው መልሰሽ ግፊው። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ ያለው ነጻነት ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ያን ያህሉ በእጅ አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ቋ ቋ ካለ ግን በቮላኖው (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለው ባለጥርስ ከባድ ክብ ብረት) በኩል ያለው ኩሽኔት አልቋል፣ ብሎኩ መከፈት አለበት።

አሁን ወደ 1600ው፣ "ዝም ብሎ ይገባል" የሚለው ነገር ብዙ ሰው አስቆጭቷል። የ1964 ቮልስ 6 ቮልት ነው፣ ቮላኖው 109 ጥርስ አለው፣ የ1600ው ግን የ12 ቮልት ስለሆነ ቮላኖው 130 ጥርስ ሆኖ በስፋትም ይበልጣል፣ ስለዚ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ቤት ውስጥ ይታከካል፣ ተሞርዶ ቦታ ካልተሰራለት አይዞርም፣ ሞቶሪኖውም (ማስነሻ ሞተሩ) አብሮ ይቀየራል። ካርቡሬተሩ ላይ ያለው የቾክ ማሞቂያ እንኳን በቮልት ነው የሚለየው። ያንቺ ሞተር ሲወርድ መጀመሪያ የቮላኖውን ጥርስ ቁጠሪ፣ 130 ከሆነ ያ ስራ በፊት ተሰርቷል ማለት ነው፣ እፎይ በይ።

ማውረዱ ከባድ አይደለም። ባትሪው ይፈታል፣ የነዳጁ ጎማ ይደፈናል፣ የጋዙ ገመድ የማሞቂያው ገመዶችና ሽቦዎቹ ይለቀቃሉ፣ ከዛ ካምቢዮው ላይ የያዙት ብሎኖች አራት ናቸው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ 17 ቁልፍ። ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ክሪኩ ሳይደግፈው የመጨረሻዋን ዳዶ እንዳትፈቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ ሳቡት፣ ክብደቱ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያበላሸዋል። እግረ መንገድሽን በቮላኖው በኩል ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔት ቀይሪ። የቮላኖው ትልቁ ብሎን 36 ቁልፍ ነው፣ በ300 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፣ በግምት አይሆንም።

የነዳጁን ጎማ ግን ለነገ አትበዪው! የቤንዚን ፓምፑ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው፣ የተሰነጠቀ ጎማ አንድ ጠብታ ካንጠባጠበ ቮልስ የሚቃጠለው እንደዛ ነው። ሞተሩን የከበቡትን ቆርቆሮዎችና ዙሪያውን ያለውን ጎማም አንድ ሳይቀር መልሱ፣ ይሄ ሞተር ውሃ የለውም የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው፣ ክፍተት ካለ ማራገቢያው የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። እኔ አንዴ የኋላዋን ቆርቆሮ ነገ እመልሳታለሁ ብዬ ትቼ ሶስተኛው ሲሊንደር ተቃጥሎብኛል፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ እኔ የገዛሁት የቮልስ ሞተር ምንም ቁጥር የለውም፣ ተሰርቆ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ ቦታውን በጨርቅ ጥረግና በባትሪ ብርሃን እየው። የመፋቂያ ጭረት ካለ ወይ ወለሉ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ከጎደጎደ ለሻጩ መልስለት። ለስላሳ ሆኖ የፋብሪካው መልክ ካለው ግን ለቅያሪ የተሰራ ብሎክ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ቁጥር ሳይመታባቸው ይሸጣሉ፣ የግዢ ወረቀቱን ከሻጩ ጠይቅ። አይነቱን ለመገመት የአየር ማስገቢያው ቱቦ ቴስታታው ላይ ሲደርስ እየው፣ አንድ ቀዳዳ ከሆነ የቆየው አይነት ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ከገባ በፈረንጆች በ1970 ገደማ የመጣው ነው።