ለልጃችሁ የጌም ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ከአገር ርቀን ልጅ የምናሳድግ ሰዎች አንድ ቀን የማይቀርልን ጥያቄ አለ። "ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ግዙልኝ።" ወይም "ሁሉም ልጆች ፕሌይስቴሽን አላቸው፤ እኔ ብቻ ነኝ የሌለኝ።" ስለ ዕቃው ልጁ ከእኛ በላይ ያውቃል። የአገሩን ቋንቋም ከእኛ በላይ ይችላል። እኛ ደግሞ ከሥራ ደክመን ገብተን፣ ያላደግንበትን ዕቃ በብዙ ገንዘብ ልንገዛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወገን ሲጎዳ አይቻለሁ። እኔም ተጎድቻለሁ። ሦስት ልጆች አሳድጌ፣ ለወዳጅ ልጆችም ብዙ ማሽን አብሬ መርጫለሁና የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገዛሁት ለትልቁ ልጄ ነው። 11 ዓመቱ ነበር። ሻጩ "ይሄ ጌሚንግ ነው" አለኝ። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል። የልጄ ፊት ሲፈካ ሳይ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ቤት ገብተን ፎርትናይትን ሲከፍት ሥዕሉ እየተቆራረጠ አላስጫውት አለው። ከሳምንታት በኋላ ነገሩን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ከፍቶ አየው። የጌሙን ሥዕል የሚሠራው፣ ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነገር ጭራሽ የለውም። ዕቃ የመመለሻው ጊዜም አልፏል። ልጄ አንድ ቀን እንኳን አላማረረም። ይበልጥ ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ ማሽኑ አይደለም፣ ጨዋታው ነው። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጠይቁት። የትኛውን ጌም ነው የምትፈልገው? ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? እነሱስ በምንድን ነው የሚጫወቱት? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሱቅ የምትሄዱት ያንን ወረቀት ይዛችሁ ነው።

አንዲት የማውቃት እናት ለልጇ ልደት ኒንቴንዶ ስዊች ገዛች። ጥሩ ዕቃ ነው። ልጅቷ የምትፈልገው ግን ሮብሎክስን ነበር፣ ሮብሎክስ ደግሞ ያኔ ስዊች ላይ አልነበረም። እናትየው ትርፍ ሰዓት ሠርታ ነው ገንዘቡን ያጠራቀመችው። የምትወደውን ጌም ስም እናትየው አስቀድማ ልጅቷን ብትጠይቃት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

"ከማን ጋር" የሚለው ለእኛ ልጆች በተለይ ትልቅ ነገር ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች በየአገሩ ተበትነዋል። ብዙዎቹ የሚገናኙት በጌም ነው። ፎርትናይት፣ ሮብሎክስና ማይንክራፍት በተለያየ ማሽን ያሉ ልጆችን አብረው ያጫውታሉ፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ ሌላው በፕሌይስቴሽን ቢሆንም ችግር የለም። ማይንክራፍት ላይ ግን አንድ ነገር እወቁ። ጃቫ የሚባለው ዓይነቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ኮንሶል ላይ፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ ለጌም ብቻ በተሠራ ማሽን ላይ ያሉት የሚጫወቱት ቤድሮክ የሚባለውን ነው። ሁለቱ እርስ በርስ አይገናኙም። የአጎቱ ልጆች የትኛውን እንደሚጫወቱ ይጠይቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውንም ፈትሹ። ማይንክራፍትና ሮብሎክስ ከባድ ማሽን አይጠይቁም። ተራ ላፕቶፕ ላይ፣ ስልክ ላይም ይሠራሉ። ልጁ "ላግ ያደርጋል (ይዘገያል፣ ይቆራረጣል)፣ አዲስ ያስፈልገኛል" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የዋይፋዩ ነው። ከራውተሩ እስከ ማሽኑ የኢንተርኔት ገመድ ዘርጉለት። የገመዱ ዋጋ ኢምንት ነው። እኔ ቤት ሁለተኛው ልጅ የጠየቀኝ አዲስ ኮምፒውተር በዚህ ገመድ ብቻ ሁለት ዓመት ዘግይቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ኮንሶል ወይስ ኮምፒውተር? ቤታችሁ ለትምህርት የሚሆን ኮምፒውተር ካለ፣ በጀታችሁም ጠባብ ከሆነ፣ እኔ የምመክረው ኮንሶል ነው። ቲቪው ላይ ይሰካል፣ ይሠራል። ጌሙ ይችለዋል አይችለውም ብሎ መጨነቅ የለም። ሳሎን ስለሚቀመጥም ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ታያላችሁ። ቤት ምንም ኮምፒውተር ከሌለ ግን ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ይሻላል። የቤት ሥራም፣ ጌምም፣ ነገ ፕሮግራሚንግ ልማር ቢልም ያው ማሽን ነው።

ከኮንሶሎቹ ሶኒና ማይክሮሶፍት አሁን የሚሸጧቸው፣ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ፣ የወጡት በፈረንጆቹ 2020 ነው። ከነሱ መካከል ዋጋው ዝቅ የሚለው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ነው። ለልጅ ይበቃል። ነገር ግን ዲስክ አይቀበልም። ጌሙን ሁሉ ከኢንተርኔት ነው የምትገዙት። ዲጂታል የሚባለው ፕሌይስቴሽን 5ም እንዲሁ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ዲስክ የሚቀበል ማሽን ካላችሁ ያገለገለ ዲስክ በርካሽ ትገዛላችሁ፣ ከጓደኛ ትዋሳላችሁ፣ ልጁ ሲሰለቸው ትሸጡታላችሁ። በአንዳንድ አገሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጭምር የጌም ዲስክ ያውሳሉ። ዲስክ የሌለው ማሽን ሲገዙት ይረክሳል፣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ልዩነቱን ይበላዋል። ልጁ የሚጫወተው እንደ ፎርትናይትና ሮብሎክስ ያሉ ነፃ ጌሞችን ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲስክ ባይኖረውም ምንም አይጎዳችሁም። አያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ወረቀቱ ነው የምንመለሰው።

ለትንንሽ ልጆች ስዊች ይመቻል። በእጅም ተይዞ፣ ቲቪ ላይም ተሰክቶ ይሠራል። ስዊች ላይት የሚባለው ትንሹ ግን ቲቪ ላይ አይሰካም፤ እህትና ወንድም በአንድ ስክሪን አብረው ይጫወቱ ካላችሁ እሱን እለፉት። የኒንቴንዶ የራሱ ጌሞች ዋጋ ቶሎ እንደማይወርድም ከግምት አስገቡ። ልጁ እግር ኳስ ብቻ የሚወድ ከሆነ በ2013 የወጣው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 እንኳን ያስደስተዋል። በነገራችን ላይ ፊፋ ብለን የምናውቀው ጌም ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። ፊፋ ብላችሁ ከፈለጋችሁ አሮጌውን ነው የሚሸጡላችሁ።

ያገለገለ ኮንሶል ስትገዙ ሳይበራ አትክፈሉ። ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ። ዲስክ አስገቡበት። የመቆጣጠሪያውን ዱላ ሳትነኩት ሥዕሉ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ዱላው አልቋል ማለት ነው። የሻጩ አካውንት ሙሉ በሙሉ መውጣቱንም አረጋግጡ። በጥፋት ምክንያት ከኦንላይን የታገደ ማሽን የሚሸጥ ሰው አለ፤ ከኢንተርኔት ጋር ሳታገናኙት አትውሰዱት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ኮምፒውተር ከመረጣችሁ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። "ጌሚንግ" የሚለው ቃል ምንም ማለት አይደለም፤ ማንም የፈለገው ዕቃ ላይ ይለጥፈዋል። መብራቱን እርሱት። መጀመሪያ የምታዩት የግራፊክስ ካርዱን ስም ነው። ጌም ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ማስታወቂያው ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል) እና ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) በትልቁ ጽፎ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ዝም ካለ፣ የለውም ብላችሁ ውሰዱት። አርኤክስ 6600 ወይም አርቲኤክስ 3060 የሚባል ካርድ ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር በተራ ስክሪን ላይ አብዛኛውን ጌም በደንብ ያጫውታል። ከሱ ቀጥሎ ራም ነው፤ 16 ጊጋባይት ይሁን። 8 ብቻ ከሆነ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆን አለበት። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል። መጠኑም ይታይ፤ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚወስድ ጌም አለ።

የተባለውን ብቻ አትመኑ፣ ራሳችሁ እዩ። ኮምፒውተሩ እንዲበራ አድርጉና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ስትገቡ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና የግራፊክስ ካርዱ በስማቸው ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ጂፒዩ (ግራፊክስ ማለት ነው) በሚለው ሥር ኢንቴል ዩኤችዲ ብቻ ካለ ለብቻው የቆመ ካርድ የለውም ማለት ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያኔ ይህቺን አውቄ ቢሆን ኖሮ ልጄ አያዝንም ነበር።

ሌላው ወጥመድ ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም፤ ኢንቴል በሚባለው ድርጅት ፕሮሰሰሮች በኩል ከሞላ ጎደል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው የሚወስደው። በገበያው ርካሽ ሆነው የምታዩአቸው ብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ከዚያ በታች ናቸው። የረከሱበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። ዊንዶውስ 11 የተጫነበት መሆኑን ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ትውልድም ጠይቁ።

በጣም ጠባብ በጀት ላለው ሰው አንድ መንገድ አለ። ድርጅቶች ለቢሮ ሲጠቀሙባቸው ቆይተው የሚሸጧቸው ኮምፒውተሮች አሉ። ጠንካሮች ናቸው። 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ አንዱን ገዝታችሁ፣ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ብታስገቡበት ለልጅ የሚሆን ማሽን ይወጣዋል። የዚህ ካርድ አንዳንድ ዓይነቶች ግን ገመድ ይፈልጋሉ፤ ለይታችሁ ግዙ። የኮምፒውተሩ ቀፎም ቀጭኑ እንዳይሆን፤ መደበኛው ካርድ አይገባበትም። ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ማሻሻያ የለም። የገዛችሁት ካርድ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም የላፕቶፑ ካርድ ከዴስክቶፑ ደከም ይላል። ልጁ ይዞት የሚዞርበት ምክንያት ከሌለ ዴስክቶፕ ይሻላል።

ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ ጌም ከተንቀራፈፈበት ከመናደዳችሁ በፊት የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ከኋላ ሁለት ቦታ አለው። ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ላይኛው፣ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቀዳዳ ላይ የሰኩ ስንቶቹን አይቻለሁ። አንድ ወዳጄ ደህናውን ኮምፒውተር ሊሸጠው ነበር። ገመዱን ነቅለን ወደ ታች ስንሰካው አለቀ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የማሽኑን ብቻ አትቁጠሩ። ለኮምፒውተር ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ማዳመጫ አለ። ለኮንሶል ደግሞ የኦንላይን ክፍያ አለ። ነፃ የሆኑት ጌሞች ይህን አይጠይቁም። በገንዘብ የተገዙትን ግን ከሌላ ቤት ልጅ ጋር ለመጫወት ኮንሶል ላይ መክፈል ግድ ነው፤ ማይንክራፍት ጭምር። ኮምፒውተር ላይ ይህ ክፍያ የለም። የኒንቴንዶ የቤተሰብ ደንበኝነት እስከ 8 አካውንት ስለሚይዝ ለብዙ ልጆች ያዋጣል።

ከሁሉም በላይ የባንክ ካርዳችሁን ልጁ በሚጠቀምበት አካውንት ላይ አትተዉት። ነፃ የሚባሉት ጌሞች የሚያተርፉት ውስጥ ለውስጥ በሚሸጡት ልብስና ጌጥ ነው። ሮበክስ፣ ቪባክስ የሚሉት የዚያ ገንዘብ ነው። በ2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በፎርትናይት ባለቤት በኤፒክ ጌምስ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ድርጅቱ ሳይፈልጉ ለተከፈለባቸው ሰዎች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የስጦታ ካርድ ግዙለት። ሲያልቅ ያልቃል። ካርዱ አካውንቱ ከተከፈተበት አገር ጋር መግጠሙን ግን እዩ፤ ከሌላ አገር ዘመድ የላከው ላይሠራ ይችላል።

የዕድሜ ምልክቱን ከጌሙ ሽፋን ላይ አንብቡት። አውሮፓ ውስጥ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 ተብሎ በቁጥር ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በፊደል ነው፤ ኤም ካለ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም።

ማሽኑን ለልደት ወይም ለበዓል ከገዛችሁ ከአንድ ቀን በፊት ማታ፣ ልጁ ሲተኛ ክፈቱት። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ ማዘመኛ ያወርዳል፤ ጌሙን ማውረድም ሰዓታት ይፈጃል። የእናንተን አካውንት መጀመሪያ ክፈቱ፤ የልጁን ከናንተ ሥር፣ በትክክለኛ የልደት ቀኑ። ማታ የሚዘጋበትን ሰዓት ያኔውኑ ሙሉበት። ጌም ስትገዙ በእናንተ አካውንት ግዙ። ማሽኑን የቤታችሁ ዋና ማሽን ካደረጋችሁት አንድ ጊዜ የገዛችሁትን ሁሉም ልጆች በየአካውንታቸው ይጫወቱታል። ከዚያ ወደ ካርቶኑ መልሱት። ጠዋት ልጁ ሲከፍተው ወዲያው ይጫወታል፤ እናንተም መጀመሪያውን ዙር አብራችሁት ተቀመጡ።